«72 በመቶው ደግፏል» ሲባል፦ ማን፣ መቼ፣ ምን ተጠይቆ?

የካቲት ላይ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲደርስ የቦሌ መንገድ ይዘጋል፣ ታክሲ ይጠፋል፣ መግለጫው ውስጥም «የሁለት መንግሥታት መፍትሔ» (እስራኤልና ፍልስጤም ጎን ለጎን ሁለት አገር ሆነው) የምትለው ሐረግ አትቀርም። አራት ኪሎና ፒያሳ ካፌ ውስጥ ክርክሩ ሌላ ነው። አንዱ ስልኩን አውጥቶ «ይኸው፣ 72 በመቶው ፍልስጤማዊ ሐማስ በጥቅምት 2023 እስራኤል ላይ ያደረሰውን ጥቃት ደግፏል» ይላል። ሌላው «የፍልስጤምን መንግሥት የሚቀበለውስ አይሁድ እስራኤላዊ ከአምስት አንድ አይደል?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ቁጥሮች የታተሙ ናቸው። ያስቸገረው አያያዛቸው ነው። (ዓመቶቹንም ወራቱንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

72ቷን እንፍታት። የወሰዳት ራማላ የሚገኘው የፍልስጤማዊው ተመራማሪ የኸሊል ሽቃቂ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ማዕከል ነው፤ ጊዜው የ2023 ኅዳር መጨረሻ፣ ተኩሱ ለጥቂት ቀናት ጋብ ያለበት ሰሞን። የተጠየቁት 1,231 አዋቂዎች ናቸው፦ 750 ከዌስት ባንክ፣ 481 ከጋዛ። ጥያቄው ጥቃቱን ለመፈጸም ሐማስ የወሰነው ውሳኔ ትክክል ነበር ወይ የሚል ነው። ዌስት ባንክ 82 በመቶ አዎ አለ፣ ቦምቡ የሚወርድበት ጋዛ ደግሞ 57። መስከረም 2024 ላይ ያው ጥያቄ ሲደገም የጋዛው ወደ 39 ወርዷል። በዚያው የመጀመሪያ ጥናት 85 በመቶዎቹ ሰላማዊ ሰዎች ሲጠቁ የሚያሳዩትን ቪዲዮዎች አላየንም ብለዋል። ካፌ ውስጥ ይቺን የሚጠቅስ የለም።

የናሙናውንም መጠን እዩ። 1,200 ሰው ሲጠየቅ የስህተቱ ልክ ወደ 3 ነጥብ ገደማ ነው። ጋዛን ለብቻዋ ከነጠላችሁ 481 ሰው ይቀራል፤ በሒሳቡ ልኩ ወደ 4 ተኩል ይሰፋል። ስለዚህ ጋዛ ላይ የሁለትና ሦስት ነጥብ ለውጥ አይታችሁ «ሕዝቡ ተገለበጠ» አትበሉ። ከ57 ወደ 39 ግን ለውጥ ነው።

«እስራኤላውያን» የሚለው ቃልም ያታልላል። ካፌው ውስጥ «ከአምስት አንድ» የተባለችው፣ ማለትም የ2024ቱ ጥናት 21 በመቶ፣ የአይሁዳውያኑን ብቻ ነው። ከአገሪቱ ሕዝብ አንድ አምስተኛ ያህል የሆኑት አረብ ዜጎች አብላጫቸው የሁለት መንግሥታቱን ሐሳብ ስለሚደግፉ፣ እነሱ ሲጨመሩ አጠቃላዩ ከፍ ይላል። በዚያው ጥናት የፍልስጤማውያኑ 40 ነበር።

መራጩ ድምፅ ሰጥቶ ሲወጣ በር ላይ የሚጠየቅበት ጥናትም ሁለቱንም ወገን አሳፍሯል። በ1996 እስራኤል ማታ ፔሬዝን አሸናፊ ብላ ተኝታ ጠዋት ኔታንያሁን አገኘች፤ ልዩነቱ ከአንድ በመቶ በታች ነበር። በ2006 በፍልስጤም የምክር ቤት ምርጫ የሐማስ ተቀናቃኝ የሆነው ፋታህ ይመራል ሲባል አድሮ ሐማስ ከ132ቱ ወንበር 74ቱን ወሰደ፣ ያውም በ44 በመቶ ድምፅ። ግማሹ ወንበር በየወረዳው የሚያዝ ስለነበር ፋታህ የራሱን ድምፅ በብዙ ተወዳዳሪ በታትኖታል።

ዋናው ነገር ግን የጥያቄው አቀራረብ ነው። በ2016 የፍልስጤምና የእስራኤል ተመራማሪዎች በጋራ በሠሩት ጥናት «ሁለት መንግሥት ትደግፋለህ?» ሲባል 51 በመቶ ፍልስጤማውያንና 59 በመቶ እስራኤላውያን አዎ አሉ። ዝርዝሩ ሲቀርብ ግን ወደ 39 እና 46 ወረደ። ዝርዝሩ ይህ ነው፦ ጦር የሌለው የፍልስጤም መንግሥት፣ እኩል የመሬት ልውውጥ፣ ለቤተሰብ ማገናኘት ወደ እስራኤል የሚገቡ 100,000 ስደተኞች፣ ምሥራቅ ኢየሩሳሌም የፍልስጤም ዋና ከተማ፣ ምዕራቡ የእስራኤል። በአሮጌው ከተማ የአይሁድ ሰፈርና የምዕራቡ ግንብ ለእስራኤል፣ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ሰፈር ለፍልስጤም።

እዚህ ላይ ኢየሩሳሌምን የተሳለመ አንባቢ ቆም ይበል። ከጎልጎታ ጣሪያ ላይ ያለው የእኛው ዴር ሱልጣን ያለው በክርስቲያኑ ሰፈር ነው። ከ1970 ፋሲካ ጀምሮ ቁልፉ በኢትዮጵያውያን መነኮሳት እጅ ነው፤ ከግብፅ ኮፕቶች ጋር ያለው ክርክር ግን አልተዘጋም። ለአንድ ጣሪያ ይህን ያህል ዓመት ከፈጀ ስለ መላው ከተማ የተጻፈች አንዲት መስመር ለምን ድጋፍ እንደምትቀንስ ይገባናል።

ስደተኞችን በተመለከተም መብትና ምርጫ ይለያያሉ። በ2003 ሽቃቂ በዌስት ባንክ፣ በጋዛ፣ በዮርዳኖስና በሊባኖስ ያሉ 4,500 ፍልስጤማውያን ስደተኞችን አስጠይቆ ነበር። የመመለስ መብት ይከበር የሚሉት ከ95 በመቶ በላይ፣ እስራኤል ውስጥ ተመልሼ እኖራለሁ ያሉት 10 በመቶ። ውጤቱን ይፋ ሊያደርግ ሲል ሰልፈኞች ቢሮውን ወረሩ። ሁለቱን ቁጥሮች አብሮ ያነበበ ተደራዳሪ ለመብቱ እውቅና ሰጥቶ አፈጻጸሙን የሚወስን አንቀጽ ይፈልጋል፤ አንዱን ብቻ የያዘ ግን ይጣላል።

«አልፈልግም» እና «አይሆንም» እንዲሁ ለየቅል ናቸው። የእስራኤልና የፍልስጤም የኦስሎ ስምምነት በተፈረመበት በ1993 ዌስት ባንክ ውስጥ፣ ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን ሳይጨምር፣ እስራኤላውያን ሰፋሪዎች ወደ 110,000 ነበሩ፤ ዛሬ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ናቸው። አብላጫው ፍልስጤማዊ በሰፈራው ምክንያት የሁለት መንግሥቱ ነገር አልፎበታል ይላል። በእስራኤል በኩል በ2014 የወጣው መሠረታዊ ሕግ በሉዓላዊነት የያዘችውን መሬት ለመልቀቅ ከ120ው የክኔሴት (የእስራኤል ፓርላማ) አባላት የ80ውን ድምፅ ወይም ሕዝበ ውሳኔ ይጠይቃል፤ ምሥራቅ ኢየሩሳሌምም እዚያ ውስጥ ይገባል። በፍልስጤም በኩል ፕሬዚዳንት ማሕሙድ አባስ በ2005 ለአራት ዓመት ተመርጠው ዛሬም አሉ። ስምምነት ቢመጣ ማን ፈርሞ በማን ስም እንደሚያጸድቀው መልስ የለውም።

መተማመን የሚባለውማ የለም። በጋራ ጥናቶቹ ከሁለቱም ወገን ከአስር ዘጠኝ ያህሉ ሌላውን አላምነውም ይላል። ያም ሆኖ ዝርዝሩን የተቃወሙት እንደገና ሲጠየቁ፣ ፍልስጤማዊው «እስረኞቹ ሁሉ ቢፈቱስ?»፣ እስራኤላዊው «የጸጥታ ትብብሩ ቢቀጥልስ?» ሲባል፣ ከፊሉ ሐሳቡን ይቀይራል። ይህ ክፍል በጥናቱ ዘገባ ውስጥ ከርዕሱ ብዙ ወረድ ብሎ ነው ያለው፤ ማኪያቶው ቀዝቅዞ ስልኩን ያወጣው ሰውዬ ገና እዚያ አልደረሰም።