መጻሕፍት፣ ሞተርና ሁለት የሸራ ከረጢቶች

ሞተሬ ላይ ለምን ሳጥን እንደማላስገጥም በየሄድኩበት እጠየቃለሁ። መልሱ በመንገድ ዳር ወሬ የሚያልቅ ስላልሆነ እዚሁ ጻፍኩት።

ሥራዬ ከማተሚያ ቤት የወጡ መጻሕፍትን ለመጽሐፍ ሻጮች ማድረስ ነው። ብሔራዊ ቴያትር አካባቢ፣ ለገሀር፣ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ። ቦታዎቹ ቅርብ ለቅርብ ናቸው፤ በመኪና ግን ግማሽ ቀን ይበላሉ። የኔ ሞተር ባለ 150 ሲሲ ቦክሰር ናት። ከመቀመጫዋ ግራና ቀኝ ሁለት የሸራ ከረጢቶች ይንጠለጠላሉ። ሁለቱን የሚያያይዟቸው መቀመጫው ላይ የሚያልፉ ሰፋፊ ቀበቶዎች ናቸው። የሚበየድ ብረት የለም፣ የሚበሳ ነገር የለም። ጣል አድርጎ ማሰር ነው።

መጽሐፍ ቀላል የሚመስለው አንዱን ብቻ ሲይዙት ነው። በኤ5 መጠን የታተመ ባለ 200 ገጽ መጽሐፍ 250 ግራም ገደማ ይመዝናል። አርባው ሲደረደር 10 ኪሎ ሆነ። ይህ ክብደት የት ይቀመጥ የሚለው ትልቅ ጉዳይ ነው። ፖርቶ መጋላው ላይ፣ ማለትም ከመቀመጫው ኋላ ባለው የዕቃ መጫኛ ብረት ላይ፣ ከተቆለለ ከፍ ይላል፣ ከኋላ ጎማም አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል። በቸርችል ጎዳና ከለገሀር ወደ ፒያሳ ስትወጡ የፊት ጎማው ይቀልላል፤ መሪው፣ ማኑብሪዮው፣ እጃችሁ ላይ ይዋልላል። ይህን ስሜት አልወደውም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ሞተርም በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል። ያለችውን ጉልበት በመጥፎ አጫጫን መጨረስ ያሳዝነኛል። ከረጢቶቹ ክብደቱን ወደ ታችና ወደ ፊት፣ ወደ ነጂው ጭን ያመጡታል።

የሰፉልኝ መርካቶ ውስጥ የከባድ መኪና ሸራ የሚሰፉ አንድ አዛውንት ናቸው። ከውጭ የሚመጣውን ዓይነት ቦርሳ በስልኬ አሳየኋቸው።

«ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ይሠሩልኛል?»

«እሠራለሁ። ስንት ኪሎ ልትጭኚበት ነው?»

«በየጎኑ አሥር።»

«በየጎኑ ካልሽ ጥሩ። የአህያ ጭነት አይተሽ የለ? አንዱ ወገን ከከበደ ጭነቱ ዞሮ ሆዷ ሥር ይገባል።»

እኒህ ሰው ሥራቸውን ያውቃሉ። ቀበቶው ከረጢቱ አፍ ላይ ብቻ ከተሰፋ ስፌቱ ይቀደዳል አሉና በከረጢቱ ሥር ዞሮ፣ ታቅፎት እንዲወጣ አደረጉት። ክብደቱን ስፌቱ ሳይሆን ቀበቶው ተሸከመው ማለት ነው። ወደ ጎማው በሚዞረው ጎን ስስ ኮምፔርሳቶ የሚገባበት ኪስም ጨመሩልኝ። ሸራ ብቻውን ይረግብና ወደ ጎማው ይጠጋል። ኮምፔርሳቶው ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል።

ከረጢት የሚገዛ ሰው ዚፑንና ኪሱን ሲያገላብጥ አያለሁ። እኔ መጀመሪያ የማየው የታችኛውን ማሰሪያ ነው። መቀመጫው ላይ የሚያልፈው ቀበቶ ይሸከማል እንጂ አይዝም። ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል ስትወርዱ ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ከረጢቱ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ከድልድዩ ወደ አራት ኪሎ ስትወጡ ደግሞ ወደ ኋላ ይጎተታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ከረጢት ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ማሰሪያ ያስፈልገዋል። የፊተኛውን የተሳፋሪው እግር መርገጫ ብረት ላይ አስራለሁ፤ የኋለኛውን ፖርቶ መጋላው እግር ላይ። ቁልቁለቱን የኋለኛው ይይዘዋል፣ ዳገቱን የፊተኛው።

ከአሮጌ ካላማደሪያ፣ ከውስጠኛው የጎማ ላስቲክ፣ በተቆረጠ ጎማ የሚያስሩ አሉ። ለዝናብ ልብስና ለትንንሽ ነገር እኔም እጠቀምበታለሁ። ለዋናው ማሰሪያ ግን አይሆንም። ጎማ ይለጠጣል፤ ጭነቱም አብሮት ይወዛወዛል። የማይለጠጥ ጠፍጣፋ ቀበቶ ከነዘለበቱ ይሻላል። የተረፈው ጫፉ ተጠቅልሎ ይታሰር። ተንጠልጥሎ የቀረ ጫፍ የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ካቴና ውስጥ ከገባ የኋላ ጎማው ባለበት ቀጥ ሊል ይችላል። ይህን ለእያንዳንዱ አዲስ ሞተረኛ እነግራለሁ፤ ደግሜም እነግራለሁ።

ጭናችሁ ስትጨርሱ አንድ ሰው ከኋላ ተቀምጦ ሞተሩን ደጋግሞ ወደ ታች ይጫነው። ሞላው እስከ መጨረሻው ሲጨመቅም ከረጢቱ ጎማውን መንካት የለበትም። ፍሬቻው ከኋላ ለሚመጣ ሰው ይታይ እንደሆነም እዩ። እኔ የመጀመሪያው ሱቅ ስደርስ ሁሉንም ቀበቶ እንደገና እስባለሁ። መጻሕፍት በመንገድ ንቅናቄ ይጠቀጠቁና ከረጢቱ ይላላል።

ማርሚታው፣ የጭስ መውጫው፣ ያለው በቀኝ በኩል ነው። የቀበቶው ናይለን በ220 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። ሸራውን የሸፈነው ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ ከዚያ በጣም ባነሰ ሙቀት መለስለስ ይጀምራል። ሞተሩ ሲሮጥ ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል፤ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ መኪና መሀል ቆሞ ሲንጠረጠር ግን የሚያቀዘቅዘው የለም። መፍትሔው ከምን አለሽ ተራ የተገዛች የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ናት። ማርሚታው ላይ ተለጥፋ ከተቀመጠች ግን ሙቀቱን ታስተላልፋለች እንጂ አትከላከልም። በሁለቱ መካከል አየር የሚያልፍበት ክፍተት መኖር አለበት። ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይበቃል።

ክረምት ሲገባ ጭንቀቴ ይጨምራል፤ የረጠበ መጽሐፍ ማንም አይገዛም። ሸራው ውሃ አያሳልፍም። መርፌ ያለፈበት ቀዳዳ ግን ያሳልፋል። ስለዚህ ከረጢቱ ውስጥ ሌላ ወፍራም ላስቲክ አለ። አፉን ሦስት ጊዜ አጥፌ ነው የማስረው፤ አንድ እጥፋት አይበቃም። መጻሕፍቱን በጀርባቸው አላቆማቸውም፤ አጋድሜ እደረድራቸዋለሁ። የሽፋኑ ጫፍ የሚታጠፈው ቆሞ ሲንቀጠቀጥ ነው።

ስለ ሳጥን ጠይቃችሁኝ ነበር። ጠንካራ ሳጥን በሁለቱም ጎን ይዞ ከታክሲ ታክሲ መሀል ማለፍ ከባድ ነው። ረዳቱ በሩን ድንገት ይከፍተዋል፤ ሳጥኑ አይታጠፍም። ሸራው ይሸሻል። ቢወድቁም እግር ላይ የሚያርፈው ሸራና ወረቀት ነው፤ የሳጥን ጠርዝ አይደለም። እርግጥ ስፋቱ ከማኑብሪዮው መብለጥ የለበትም። ፊቴ ያለፈበት ክፍተት ከረጢቶቼንም ማሳለፍ አለበት።

ሌላም አለ። ፒያሳ ላይ እንደ ድሮው ሱቅ በር ድረስ ሄጄ አልቆምም። ሞተሩን ከፈቀዱበት ቦታ አቁሜ በእግሬ እሄዳለሁ። አራት ዘለበት ፈትቼ ከረጢቶቹን ትከሻዬ ላይ ጣል አደርጋቸዋለሁ፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ሸራ በምላጭ ይቀደዳል፤ እሱን አልክድም። እኔ ግን ዕቃ ሞተሩ ላይ ትቼ አልሄድም፤ የሞተር ጠባቂዎቹ ልጆች የቱንም ያህል ጎበዞች ቢሆኑ።

ትኩስ ምግብ ለምታደርሱ ልጆች ግን ሳጥኑ ይሻላችኋል። ወጥ ተጋድሞ አይሄድም፣ ሙቀቱንም ሸራ አይጠብቅላችሁም። ለወረቀት፣ ለልብስ፣ ለመፍቻና ለመለዋወጫ ዕቃ ከሆነ ሸራ አሰፉ። ለሚሰፋላችሁ ሰው የሞተራችሁ ማርሚታ በየት በኩል እንዳለ መንገር አትርሱ፤ የዚያ ወገን ከረጢት አጠር ብሎ ከፍ ማለት አለበት።