ለእህቴ የመጀመሪያ ጊታሯን እንዴት እንደመረጥኩላት

ታናሽ እህቴ ፍኖተ ሰላም ከእናታችን ጋር ነው የምትኖረው፤ እኔ ሥራዬ ባሕር ዳር ነው። ጊታር የጀመረችው በትምህርት ቤት ክበብ ውስጥ በተገኘ አሮጌ ቦክስ ጊታር ነበር። ለበዓል ቤት ስገባ የጣቶቿን ጫፍ አሳየችኝ፤ ቆዳው ተልጧል። «ወንድም ጋሼ፣ የእኔ ጣት ለጊታር አልተፈጠረም መሰለኝ» አለችኝ። ጊታሩን ተውሳ አምጥታው ሳየው ክሮቹ ከአንገቱ በጣም ርቀዋል። እንዲህ ያለውን ጊታር ዓመታት የተጫወተ ሰውም ተጭኖ ድምፅ ማውጣት ይቸግረዋል። ብዙ ልጅ ጊታር የሚተወው ተሰጥኦ አጥቶ ሳይሆን መሣሪያው እምቢ ብሎት ነው ብዬ አምናለሁ። ባለኝ ገንዘብ አንድ የሚሠራ ጊታር ልፈልግላት የተነሣሁትም ለዚህ ነው።

ኤሌክትሪክ ጊታሩን ወዲያው ተውኩት፤ ማጉያው ሌላ ወጪ ነው፣ መብራት ሲጠፋም ልምምዱ ይቆማል። የቀሩት ሁለት ናቸው፤ የብረት ክር ያለው አኮስቲክና የናይለን ክር ያለው ክላሲክ። የብረቱ ስድስት ክሮች አንድ ላይ ሲደመሩ አንገቱን 70 ኪሎ ገደማ በሚሆን ኃይል ይስቡታል፤ የናይለኑ ወደ 40 ኪሎ ነው። ልዩነቱ የሚያርፈው ጣት ላይ ነው። በአንጻሩ የክላሲኩ አንገት ሰፋ ይላል፤ በመቃኛ ቁልፎቹ በኩል ባለው ጫፍ 52 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን የአኮስቲኩ ወደ 43 ነው። እጁ ትንሽ ለሆነ ልጅ ይህ ስፋት ያስቸግራል፤ እህቴ ግን ጣቷ ረጅም ስለሆነ ናይለኑን መረጥኩ።

እዚህ ላይ አደራ የምለው አለ። ድምፁ ይጉላልኝ ብላችሁ ክላሲክ ጊታር ላይ የብረት ክር አትወጥሩ። ያን ሁሉ ጉልበት እንዲሸከም አልተሠራም። ገበያ ላይ ካየኋቸው ያገለገሉ ጊታሮች የአንዱ ብሪጅ (ክሮቹ ታች የሚታሰሩበት እንጨት) ከኋላው ተነሥቶ ወረቀት ያስገባ ነበር፤ ክሩን ስነካው ብረት ነው። ዋጋው ቢያጓጓም አልፌው ሄድኩ።

ባለ ሱቁ ቀድሞ ያወረደልኝ አዲስ፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ጊታር ነው። ስሙን ሰምቼው አላውቅም፤ ይሄ ብቻውን አያስጥልም። እንደ ጠመንጃ ወደ ዓይኔ አስጠግቼ በአንገቱ ላይ አነጣጠርኩ፤ አንገቱ ደህና ነው፣ አልተጣመመም። ከዚያ ማስመሪያ አውጥቼ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተሰኩት ቀጫጭን ብረቶች አንዱ) ላይ ከፍሬቱ ጫፍ እስከ ወፍራሙ ክር ታች ለካሁ። ለናይለን ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ጥሩ ነው፤ ይሄ ከ5 አልፏል። ቀጥዬ እያንዳንዱን ክር በየፍሬቱ እየተጫንኩ አንድ በአንድ መታሁ። ሦስተኛው ክር 7ኛው ፍሬት ላይ ሲደርስ ዝዝዝ አለ። ክሩ ያን ያህል ከፍ ብሎም የሚንጫጫ ከሆነ ከፊቱ ያለው ፍሬት ከሌሎቹ በልጦ ወጥቷል ማለት ነው። ይህን የሚያስተካክል ባለሙያ ማግኘት ደግሞ ቀላል አይደለም።

ከሁሉ በላይ የምተማመንበት ፈተና ግን የጆሮ ነው። 12ኛው ፍሬት የክሩ እኩሌታ ነው። እዚያ ላይ ክሩን ሳይጫኑ በስሱ ነክተው ሲመቱት የሚወጣው ድምፅና ተጭነው የሚያወጡት ድምፅ አንድ መሆን አለባቸው። በስልኬ መቃኛ አየሁት፤ የጥቁሩ ጊታር የተጫንኩት ድምፅ በግልጽ ወደ ላይ ሄደ። እንዲህ ያለው ጊታር ክፍት ክሩ በትክክል ቢቃኝም ወደ ሣጥኑ ሲወርዱ ኮርዱ (አንድ ላይ የሚመቱት ድምፆች) ይበላሻል፤ ጀማሪው ደግሞ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል፣ ጆሮውም የተዛባ ድምፅ ይለምዳል።

በመጨረሻ ያነሣሁት ያገለገለ ያማሃ ሲ 40 ነው። ፊቱ ላይ ጭረት አለበት፣ ቦርሳም የለውም። የሲ 40 ፊት ከአንድ ወጥ እንጨት የተሠራ አይደለም፣ ተነባብሮ የተጣበቀ ነው፤ ስለዚህ ድምፁ እንደ ውዶቹ አይከፈትም። ለእኛ አገር አየር ግን ይህ መጥፎ አይደለም፤ ክረምት ሲረጥብ በጋ ሲደርቅ ተነባብሮ የተሠራው እንደ ወጡ እንጨት ቶሎ አይሰነጠቅም። ፍሬቶቹ ሁሉ ንጹሕ ድምፅ ሰጡኝ፣ የ12ኛው ፍሬትም ፈተና አለፈ። የመቃኛ ቁልፎቹን አዟዟርኩ፤ አልላሉም፣ አልጠጠሩም። ዋጋውን ተከራክሬ ከአዲሱ ባነሰ ወሰድኩት፤ በተረፈው አዲስ ክር ገዛሁ።

የክሩ ከፍታ አሁንም ትንሽ ይበዛ ስለነበር ብሪጁ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበትን ነጭ ዘንግ ክሩን አላልቼ አወጣሁትና ታቹን በብርጭቆ ወረቀት ሞረድኩ። 12ኛው ፍሬት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ለማውረድ ዘንጉ 2 ሚሊ ሜትር መቀነስ አለበት። የተሞረደ አይመለስምና ቀስ እያሉ፣ እየለኩ ነው።

በሚኒባስ ይዤ ስሄድ ረዳቱ ፖርቶ መጋላ ላይ ልጫነው አለኝ፤ እምቢ ብዬ በጉልበቴ መሐል ያዝኩት።

ለእህቴ መጀመሪያ ያሳየኋት ኮርድ አይደለም። የጊታር ክሮች ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ናቸው። ከሶል ጀምራችሁ በቅደም ተከተል ደርድሯቸው፤ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ ይሆናሉ። ይህ ራሱ ትዝታ ሜጀር ነው! ጊታሩ አንድም ፍሬት ሳይነካ የትዝታን አምስት ድምፆች በክፍት ክሮቹ ይዟል። በቀኝ እጇ ብቻ እየመታች፣ ከልጅነቷ የምታውቀውን ዜማ ድምፁ ከፍና ዝቅ ቢልም ለየችው፤ እናታችንም ከጓዳ ሆና አብራ ታንጎራጉር ጀመር። የግራ እጇ ጣቶች በዚህ መሐል ዳኑ። ኮርዱን ከዚያ በኋላ ሚ ማይነርና ላ ማይነር ብላ ቀጠለች።

አዲስ የናይለን ክር እስኪረጋ ድረስ እየተለጠጠ ቅኝቱ ይወርዳልና በየልምምዱ መጀመሪያ መቃኘትን ልማድ አድርጋለች። አሁን ከራሷ ድምፅ ጋር ለማስማማት ካፖ (ክሮቹን ሁሉ አንድ ላይ ተጭኖ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ መቆንጠጫ) ፈልጋለች። የክላሲክ አንገት ፊቱ ዝርግ ነው፤ ለአኮስቲክ የተሠራው ካፖ ጎበጥ ስለሚል መሐሎቹን ክሮች እኩል አይጫንም። ዝርጉን ባሕር ዳር እያፈላለግኩላት ነው።