ለሐረጎ ብዬ ቢኤሜ ላይ የሰራሁት ስራ፣ ከነስህተቱ

ደሴ ነው የምኖረው፣ ስራዬ ኮምቦልቻ። ይሄ ማለት በቀን ሁለቴ ሐረጎ የሚባለው ጠመዝማዛ ዳገት አለብኝ ማለት ነው፣ ጠዋት ቁልቁል ማታ ሽቅብ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው ግን ከ2,500 ሜትር አካባቢ ተነስተህ ወደ 1,850 ነው የምትወርደው፣ ጠዋት በጃኬት ወጥተህ ኮምቦልቻ ስትደርስ አውልቀህ ኋላ ወንበር ላይ ትወረውረዋለህ። ክረምት ላይ ደግሞ ጉሙ አለ፣ ከፊትህ ያለው ተሳቢ መብራቱ ብቻ ነው የሚታይህ።

መኪናዋ ቢኤምደብሊው 320አይ ናት፣ ኢ46 የሚሏት፣ የ2003 በፈረንጅ። ባለ ስድስት ሲሊንደር 2.2 ሊትር፣ ወረቀት ላይ 170 የፈረስ ጉልበት ይላል፣ ደሴ ላይ ግን አየሩ ስለሚሳሳ ከአራቱ ፈረስ አንዱ ቦሩ ሜዳ ግጦሽ ላይ ቀርቷል ብለህ አስበው። ግድ የለኝም፣ እኔ የወደድኳት በጉልበቷ ሳይሆን መታጠፊያ ላይ ባላት አያያዝ ነው፣ የኋላ እግር ነጂ ሆና ክብደቷ ፊትና ኋላ እኩል ለእኩል የተከፈለ ነው። 2015 ላይ ገዛኋት። በዓመቱ የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከለከለ፣ ከዛ ሐምሌ 2016 ላይ የብሩ ምንዛሪ ለገበያው ሲለቀቅ የመለዋወጫው ዋጋ ሌላ ዓለም ገባ፣ እና በቃ ልሽጥና ሌላ ልግዛ የሚባል ነገር ቀረ፣ ያለችህን አሳምረህ መያዝ ነው።

ችግሩ ምን ነበር፣ ሐረጎን ጨርሼ ሜዳው ላይ 80 ምናምን ስሆን ፍሬን ከነካሁ መሪው እጄ ላይ ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ አንድ መልስ ነው ያለው፣ ዲስክህ ተጣሟል። ቶርኖ ቤት ወስጄ አስላጨሁት። ለሁለት ቀን የተሻለ መሰለኝ (ገንዘብ ስታወጣ ይሻላል)፣ በሶስተኛው ቀን ያው መንቀጥቀጥ። እንደገና ዲስክ ልቀይር ስል አንድ ጓደኛዬ ተወው ባክህ ይልቅ ዝቅ አርጋት አለኝ። እኔም ልቤ እዛው ነበር እውነቱን ለመናገር። ፎቶ ላይ የምታያት ኢ46 ሁሉ መሬት ልትነካ ምንም የማይቀራት፣ ትልልቅ ቸርኬ ያላት አይደለች? እና በ40 ሚሊ ሜትር ዝቅ የሚያደርግ ሞላና ያገለገለ 18 ቁጥር ቸርኬ በደላላ ገዛሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት ደስ አለኝ አልዋሽም። ፒያሳ ላይ ልጆች ዞር ብለው ያያሉ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ደሴ ኮብልስቶን ያላት ከተማ መሆኗ ትዝ አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ በፊት የነበረው ጎማ 205/55 አር 16 ነው፣ 55 ማለት የጎማው ግድግዳ ከስፋቱ 55 በመቶ ነው ማለት ነው፣ ስታሰላው 113 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወጣል። 18 ቁጥሩ ላይ የምታስገባው 225/40 ነው፣ እሱ 90 ሚሊ ሜትር ነው። የጎማው አጠቃላይ ቁመት ሁለቱም ላይ ብዙም አይለያይም፣ የተለወጠው ጉድጓድ ስትመታ ድንጋዩን ከብረቱ የሚለየው ላስቲክና አየር ነው፣ እሱ በ23 ሚሊ ሜትር ቀነሰ። አንዱ ቸርኬ በወሩ ጎበጠ። የሞተር ዘይት ማጠራቀሚያውም ከስር በየፍጥነት መቀነሻው ይፋቅ ጀመር፣ እሱ ቢሰነጠቅ ሞተር ሄደ ማለት ነው። ከዛ በላይ ደግሞ አሞርዛተሮቹ፣ የሞላውን መንጠር የሚይዙት፣ ያረጁ ናቸው፣ አጭር ሞላ ስታስገባበት የመውረጃ ቦታ ስለማይተርፈው ትንሽ ጉድጓድ ላይ ስቶፐሩ ድረስ ወርዶ ይመታል፣ ኋላ ወንበር የተቀመጠችው እናቴ ልጄ ይቺ መኪና ጋሪ ሆነች እንዴ አለችኝ።

አሁን ወደ ጎማው። ከቸርኬው ጋር የመጡት ጎማዎች ጥርሳቸው አልቆ ነበር እና ታህሳስ 2017 ላይ አራት አዲስ ገዛሁ፣ ስም አልጠራም፣ የሱቁንም የጎማውንም። ከብዙዎቹ ረከስ ያለ ነበር። ዕድሜ መታየት እንዳለበት አውቅ ነበር፣ ጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ላይ አራት ቁጥር አለ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንቱን የኋለኞቹ ዓመቱን ይነግሩሃል። ጎንበስ ብዬ አየሁት፣ 1816 ይላል። ሻጩም ያው 16 ነው፣ የአምናው ነው ወንድሜ፣ ትኩስ ነው አለኝ። እኔም አዎ የአምናው ነው ብዬ ከፈልኩ። ቤት ገብቼ እራት እየበላሁ ነው ጭንቅላቴ ውስጥ የሆነ ነገር ቂው ያለው፣ ጎማ ፋብሪካ መቼ ነው በኛ አቆጣጠር መጻፍ የጀመረው?! 2016 በፈረንጅ ነው እኮ! የ2016 አስራ ስምንተኛ ሳምንት ማለት በኛ ሚያዝያ 2008 ነው። ከስምንት ዓመት በላይ የሆነው ጎማ አዲስ ብዬ ገዛሁ። መጎተቻው ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ላስቲኩ ግን በጥፍርህ ስትጫነው እንጨት ነው። ብመልሰው ሻጩ አንዴ ቸርኬ ላይ ከገባ አልቀበልም አለኝ። እሱ ራሱ አውቆ ይሁን ሳያውቅ እስካሁን አልገባኝም፣ ሳያውቅ ይመስለኛል።

ስለዚህ ጎማ ስትገዛ ከቁጥሩ ላይ 7 ወይ 8 ቀንሰህ አስብ በቃ።

ነሐሴ ላይ ዋጋዬን አገኘሁ። ከኮምቦልቻ ስመለስ ዝናብ ጀምሯል፣ ገና ሲጀምር ነው አስፋልቱ የሚከፋው ምክንያቱም የመኪኖቹ ዘይትና አቧራው ከውሃው ጋር ይቀላቀላል። አንዱ ጠመዝማዛ ላይ ማርሽ ቀንሼ ትንሽ ነዳጅ ሰጠኋት፣ ብዙም አይደለም፣ ኋላዋ ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ወጣ። መሪውን መለስኩት ተመለሰች። ከላይ የሚወርድ አይሱዙ ነበር ጥሩምባውን ነፍቶ አለፈኝ። ከዛ ዳር አቁሜ ትንሽ ተቀመጥኩ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

በሳምንቱ ኮምቦልቻ ያሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ሄድኩ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። መኪናዋን አዩና ሞላውንም ቸርኬውንም ምንም ሳይሉ በክሪክ አንስተው ረጅም ብረት ይዘው ከስር ገቡ። የፊት ሎወር አርም (ጎማውን ከስር ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዘው ብረት) ጫፍ ላይ ያለውን ቡሽ፣ ማለት የላስቲኩን መገጣጠሚያ፣ ወዘወዙት። ና እይ አሉኝ። ላስቲኩ ከብረቱ ተላቆ እንደ ልቅ ጥርስ ይንቀሳቀሳል። "አንተ ልጅ ዲስክህን ያስላጨህ ማን ነው? ፍሬን ስትይዝ ጎማው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ስትለቅ ይመለሳል፣ መሪህ ምን ያርግ?" ኋላ ደግሞ የተከታይ አርሙ (የኋላ ጎማውን የሚይዘው ብረት) ቡሽ ሁለቱም ሞቷል፣ ለዛ ነው ጎማዋ ከውስጥ በኩል ብቻ የሚበላው፣ ላይ ያለው የአሞርዛተር መያዣም አልቋል፣ ቋ ቋ የሚለው እሱ ነው። ሃያ ዓመት ያለፈው መኪና ላስቲክ ነው፣ ላስቲክ ደግሞ ብትነዳትም ባትነዳትም ያረጃል። እኔ እዛ ሁሉ ላይ ነው አጭር ሞላ የጫንኩበት።

ዝርዝሩን ይዤ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ሎወር አርሙን ሌምፎርደር፣ አሞርዛተሩን ሳክስ ገዛሁ፣ ሁለቱም ለፋብሪካው ራሱ የሚያቀርቡ ናቸው። ቢልስታይን ተመኝቼ ነበር፣ ቢ6 የሚባለው ለመደበኛ ቁመት ሞላ የሚሆነው ጠንከር ያለው፣ ቢ8 ደግሞ ዝቅ ላለ ሞላ ነው፣ ዋጋውን ሰምቼ ግን ሰላም ብዬ ወጣሁ። አሁን ሳስበው አልቆጭም፣ ለኮብልስቶን ሳክሱ ይሻላል። ሞላውን ወደ ድሮው መለስኩት፣ ጥዬው የነበረው እናቴ ቤት ጓዳ ውስጥ ነበር፣ 16 ቁጥር ቸርኬዎቹም እዛው፣ ሁለቱን ደርባ ጀሪካን ማስቀመጫ አርጋቸዋለች።

የገጠማውን ቀን ሙሉውን ቆሜ አየሁ፣ ከዛ ቀን የተማርኩት ከሁሉም ይበልጣል። የፊቱ ቡሽ በዘይት ወይ በግራሶ አይገባም፣ ላስቲኩን ይበላዋል ደግሞም ሲያንሸራትተው ይቀራል፣ ጋሼ በሳሙና ውሃ አርጥበው ነው አርሙ ላይ የጫኑት፣ ሳሙናው ሲደርቅ ይጨብጣል። ግን ከመድረቁ በፊት መኪናዋ መሬት ወርዳ በክብደቷ መቆም አለባት፣ ግማሽ ሰዓት ነው ያለህ። ቡና ተፈልቶ ነበር፣ የጋራዡ ልጅ ጋሼ ቡናው ቀዘቀዘ ሲላቸው "እሷ እግሯ መሬት ሳይነካ የኔ ከንፈር ስኒ አይነካም" ብለው ሳቁ። ሁለተኛው ነገር የቡሽ ብሎኖች ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ እያለ አይጠብቁም። ላስቲኩ ከመሃሉ ብረት ጋር የተጣበቀ ነው፣ ተንጠልጥሎ ካጠበቅከው መኪናዋን ስታወርዳት ላስቲኩ ተጠማዞ ይቀመጣል፣ ቆማም ሄዳም ሁሌ እየተጎተተ ነው፣ በጥቂት ወር ይቀደዳል። ስለዚህ ብሎኑን ዝም ብለህ ታስይዘዋለህ፣ መኪናዋን ታወርዳለህ፣ ከዛ ከስር ገብተህ ታጠብቀዋለህ። ያስቸግራል፣ ቦታ የለም፣ ለዛ ነው ብዙ ሰው የማያደርገው። ከዚህ በፊት የነበረው ባለቤት አንዱን ጎን ቀይሮት እንደነበር ያስታውቃል፣ አዲስ ሆኖ ነው የተቀደደው።

አላይመንቱን (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) በነጋታው አሰራሁ፣ ልጁ መጀመሪያ ባዶዋን ሊለካ ነበር፣ ቢኤም ወንበሮቹ ላይ ክብደት ተደርጎ ነው የሚለካው ስለው ሳቀብኝ። ሁለት ጓደኞቹን ፊት አስቀመጥን አንዱን ኋላ። ቁጥሩ ሲቀየር ስክሪኑ ላይ አይቶ ዝም አለ።

ጎማ ላይ ብዙ አሰብኩ። 16 ቁጥር ላይ 225/50 ም ይገባል፣ ቁመቱ ከ205/55 ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል፣ ሰፋ ስለሚል ደረቅ ላይ ይይዛል። ግን ሰፊ ጎማ ውሃ ላይ ቶሎ ይንሳፈፋል፣ እኔ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴን የምነዳው ውሃ ላይ ነው፣ 205 ላይ ቀረሁ። 91ቪ ይላል፣ 91 ማለት አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል ነው፣ ቪ ደግሞ እስከ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ሐረጎ ላይ ለማንም የማይጠቅም ቁጥር ግን ጠንካራ አሰራር መሆኑን ይነግርሃል። ሌላው ትሬድዌር የሚለው ቁጥር ነው፣ ትልቅ ከሆነ ብዙ ይቆያል ግን ብዙ ጊዜ ላስቲኩ ደረቅ ነው። ሻጮች ሁሉ 500 ምናምን ነው፣ አያልቅም አያልቅም ይሉሃል፣ እኔ አያልቅም የሚባል ጎማ ነበረኝ፣ አላለቀም፣ እኔን ነው ሊጨርሰኝ የነበረው። 300 ገደማ የሆነ፣ ትራክሽኑ (እርጥብ ላይ የመያዝ ደረጃው) ኤኤ የሚል፣ መሃሉ ላይ አራት ሰፊ የውሃ መውረጃ ያለው ኮንቲኔንታል ወሰድኩ። ቀኑንም በስልኬ መብራት አራቱንም አንድ በአንድ አየሁ፣ ሻጩ ወንድሜ ጎማ ነው የምትገዛው ወይስ መድሃኒት አለኝ።

ንፋስ ላይ ደግሞ አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ኮምቦልቻ ሞልተህ ደሴ ስትወጣ የውጭው አየር ስለሚሳሳ ጌጁ አንድ ፒኤስአይ ገደማ ከፍ ብሎ ማንበብ አለበት፣ ግን ደሴ ብርድ ናት፣ በየ5 ወይ 6 ዲግሪው ቅዝቃዜ ደግሞ አንድ ፒኤስአይ ይቀንሳል፣ እና ሁለቱ ይጣፋሉ። እኔ ጠዋት ደሴ ላይ ሳልነዳት በፊት ለክቼ ነው የማስተካክለው፣ ልኩ በሹፌሩ በር ክፈፍ ላይ ተለጥፏል፣ ፊትና ኋላው አንድ አይደለም። ጎሚስታ ጋ ሄደህ ዝም ካልክ አራቱንም 35 ነው የሚሞላልህ።

አሁን ፍሬን ስይዝ መሪው ዝም ይላል። ዲስኩ ያው የተላጨው ነው፣ አልቀየርኩትም! ሐረጎን በሶስተኛ ማርሽ በሞተር እየያዝኩ እወርዳለሁ፣ መታጠፊያ ላይ ስታስገባት ትገባለች፣ መሃል ላይ ጉድጓድ ብታገኝ እንኳ ዘላ መስመር አትቀይርም። ከውጭ ስትታይ ከመንደሩ መኪና ምንም አትለይም፣ ፒያሳ ላይ የሚዞር ልጅም ቀርቷል። የቀረኝ የካምቢዮው መያዣ ላስቲክ ነው፣ ደመወዝ እየጠበቀ ነው።

ሞላዎቹ አልጋ ስር ናቸው፣ ባለቤቴ መጥረጊያው በነካቸው ቁጥር ስፖርትህን አንሳልኝ ትለኛለች። ባለፈው አንድ ልጅ ሊገዛቸው ደውሎ ነበር፣ እሱም ኢ46 ነው ያለው። መሪህ ፍሬን ስትይዝ ይንቀጠቀጣል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አዎ፣ ዲስኩን ላስላጨው ነው አለኝ። ቅዳሜ ጋሼ ጋ እንገናኝ ብዬዋለሁ።