ቀጣዩን መጽሐፍ የሚመርጥልኝ ያለቀው መጽሐፍ ነው

አንድ ሰው በቀን 20 ገጽ ሳያቋርጥ ቢያነብ በዓመት 7,300 ገጽ ይሆንለታል። አንዱ መጽሐፍ በአማካይ 300 ገጽ ነው ብንል በዓመት 24 ገደማ፣ በ30 ዓመት ደግሞ 730 መጽሐፍ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2010 በዓለም ላይ ስንት የተለያዩ መጻሕፍት እንዳሉ ሲገምት የደረሰበት ቁጥር 129,864,880 ነበር። ከዚያ ወዲህ የታተመው አልተጨመረበትም። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ካስቀመጥኩ በኋላ «ቀጥሎ ምን ላንብብ?» የሚለውን ነገር እንደ ቀላል ጉዳይ ማየት አልቻልኩም። አንዱን ማንሳት ብዙውን እስከ ወዲያኛው መተው ነውና።

የሰው ጥቆማ አልንቅም፤ ብዙ ጥሩ መጽሐፍ ያገኘሁት ከሰው አፍ ነው። ነገር ግን ወዳጄ «ይቺን ሳታነብ እንዳትቀር» ሲለኝ የሚነግረኝ መጽሐፉ ለእሱ፣ በዚያ ሰሞን፣ ሲያስጨንቀው በነበረው ነገር ላይ ምን እንዳደረገለት ነው። የእኔ ሰሞን ሌላ ነው። የብዙ ሽያጭ ዝርዝርም ሰው ምን እንደገዛ እንጂ እኔን ምን እንደጎደለኝ አያውቅም። ስለዚህ አንድ ልማድ ያዝኩ፦ መጽሐፍ ስጨርስ፣ ሳልከድነው፣ የጫረብኝን አንድ ጥያቄ በደብተሬ እጽፋለሁ። ቀጣዩን የሚመርጠው ያ ጥያቄ ነው።

እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ ላሳይ። እ.ኤ.አ. በ1918 ስለተነሳው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ፣ እኛ የኅዳር በሽታ ስለምንለው፣ አንድ የታሪክ መጽሐፍ አንብቤ ስጨርስ አእምሮዬ ውስጥ የቀሩት ሐኪሞቹ ነበሩ። ከእነሱ ብዙዎቹ የበሽታው መንስኤ ሪቻርድ ፋይፈር እ.ኤ.አ. በ1892 ያገኘው ባክቴሪያ ነው ብለው ያምኑ ነበር። እውነተኛው መንስኤ፣ ቫይረሱ፣ ከሰው ተለይቶ የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። እነዚያ ሁሉ የተማሩ ሰዎች ለምን በተሳሳተ ተጠርጣሪ ላይ ያን ያህል ዘመን ቆዩ? ይህን ጻፍኩ።

በዚያን ጊዜ ስለዚያው ወረርሽኝ የተጻፉ ሌሎች የተመሰገኑ መጻሕፍትም ነበሩ፤ ርዕሱን ብከተል ኖሮ አንዱን አነሳ ነበር። ጥያቄው ግን ወደ ኋላ፣ ተህዋስያን በሽታ እንደሚያመጡ ወዳሳዩት ወደ ፓስተርና ወደ ኮኽ ዘመን ላከኝ። እዚያ መልሱን አገኘሁ ማለት እችላለሁ። ሮበርት ኮኽ እ.ኤ.አ. በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ካሳየ በኋላ በየበሽታው ጀርባ ባክቴሪያ መፈለግ የሕክምናው ዓለም ትልቁ ተስፋ ሆነ፤ ተስፋውም ደጋግሞ ፍሬ ስላፈራ ሁሉም ሰው ቀጣዩንም እዚያው ጠበቀው። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ደግሞ በዘመኑ ማይክሮስኮፕ የሚታይ አልነበረም።

ያ መጽሐፍም የራሱን ጥያቄ ትቶልኝ ሄደ፦ ተህዋሲውን ሳያዩት መንስኤውን ማወቅ ይቻላል? ከዚህ ተነስቼ ጆን ስኖው ዘንድ ደረስኩ። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ ኮሌራ ሲገባ ሟቾቹ የት የት እንደኖሩ ተከታትሎ፣ ብሮድ ስትሪት ከነበረው የውኃ ፓምፕ ጋር አያይዞ፣ የፓምፑ እጀታ እንዲነሳ ያደረገ ሐኪም ነው። የሟቾች ቁጥር ብቻውን መንስኤን ምን ያህል ያረጋግጣል የሚል ጥያቄ ስለጫረብኝ ከስኖው ቀጥሎ የመጣው መጽሐፍ ስለ ስታቲስቲክስ ነበር። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። የስታቲስቲክስ መጽሐፍ ብቻውን ቢቀርብልኝ ከሽፋኑ አላልፍም ነበር። የምፈልገውን ይዤ ስለገባሁ ግን ቀመሮቹ ሳይቀሩ አንድ ሰው ለጠየቅኩት ነገር የሚሰጠኝ መልስ መሰሉኝ። በዚህ መንገድ መምረጥን የምወደው ከሁሉ በላይ ለዚህ ነው፤ በራሴ ዝንባሌ ፈጽሞ ወደማልገባበት የእውቀት ዘርፍ ይወስደኛል፤ ደግሞም ባዶ እጄን አልገባም።

ጥያቄው ካለ መጽሐፉን ማግኘት ያን ያህል አያስቸግርም። መጀመሪያ የምሄደው አሁን የጨረስኩት መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ወዳለው የዋቢ መጻሕፍት ዝርዝርና ወደ ግርጌ ማስታወሻዎቹ ነው። ደራሲው በግርጌ ማስታወሻ ከማን ጋር እንደሚሟገት አያለሁ። የሚሟገተው ሰው ብዙ ጊዜ ሊነበብ የሚገባው ነው፤ እዚህ ግባ የማይባል ቢሆን ኖሮ ባለፈው ነበር። በሐሳብ የማይስማሙ ሁለት ደራስያን አንድን መጽሐፍ ሁለቱም ከጠቀሱ ደግሞ ብዙም አላመነታም፤ ያ መጽሐፍ ጉዳዩ የሚያርፍበት መሠረት ነው። ቤተ መጻሕፍት ስገባ ከመደርደሪያው ላይ የምፈልገውን ብቻ ይዤ አልወጣም፤ ግራና ቀኙንም አያለሁ። መልቪል ዴዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ያወጣው የአመዳደብ ሥርዓት ተቀራራቢ ጉዳዮችን ጎን ለጎን ስለሚያስቀምጥ በ614 ቁጥር ምድብ ወረርሽኝ ስፈልግ የሕዝብ ጤና መጻሕፍት ጎረቤት ሆነው ይጠብቁኛል።

ካገኘሁት በኋላ ወዲያው ማንበብ አልጀምርም። ፈላስፋው ሞርቲመር አድለር ከቻርልስ ቫን ዶረን ጋር እ.ኤ.አ. በ1972 አሻሽሎ ባሳተመው ስለ አነባበብ በሚያስተምረው ሥራው መጽሐፍን ከማንበብ በፊት መፈተሽ ራሱን የቻለ የንባብ ደረጃ መሆኑን አስረድቷል፦ መቅድሙን፣ ማውጫውን፣ ከኋላ ያለውን የቃላት መጠቁም፣ ወሳኝ የሚመስሉ ምዕራፎችን ጥቂት ገጾች፣ የመጨረሻዎቹን ገጾች ማየት። እኔ አንድ ጨምሬበታለሁ፦ ደራሲው የተቃዋሚዎቹን ሐሳብ የሚያቀርብበትን ቦታ ፈልጌ አነባለሁ። ተቃዋሚዎቹን እንደ ሞኝ ካቀረባቸው መጽሐፉን እመልሰዋለሁ። እነሱ ራሳቸው ቢያነቡት «አዎ፣ የምንለው ይህንን ነው» እንዲሉ አድርጎ ካቀረበ ግን፣ መደምደሚያውን ባልቀበለውም እንኳ፣ ከዚያ ሰው ጋር ብዙ ሰዓት ማሳለፍ እፈልጋለሁ። ይህን መለኪያ ከሌሎቹ ሁሉ አስበልጣለሁ።

ሊነበቡ የሚጠብቁ መጻሕፍት ዝርዝር አለኝ፤ ሆኖም ርዕስ ብቻውን አይገባበትም። ከርዕሱ አጠገብ ለምን ልመርጠው እንደፈለግኩ፣ ማን እንደጠቆመኝና መቼ እንደጻፍኩት አሰፍራለሁ። «ለምን» የሚለውን መሙላት ካልቻልኩ አልጽፈውም። ከጊዜ በኋላ ዝርዝሩን ሳየው «ለምን» ከሚለው ሥር የጻፍኩት ነገር የበረደ ከሆነ እሰርዘዋለሁ፤ መጽሐፉ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ያ ጥያቄ አሁን የእኔ አይደለም። አንዳንዱ ደግሞ ከዓመታት በኋላም ትኩስ ነው። እሱን ወደ ላይ አወጣዋለሁ።

የአዲስና የጥንት ሚዛንም ያሳስበኛል። ደራሲው ሲ. ኤስ. ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1944 ለአንድ የጥንት ሥራ ትርጉም በጻፈው መግቢያ፣ አንድ አዲስ መጽሐፍ ካነበብክ ሌላ አዲስ ከማንሳትህ በፊት መሐል ላይ አንድ አሮጌ አንብብ ይላል፤ ይህ ከከበደህ ቢያንስ ለሦስት አዲስ አንድ አሮጌ። ምክንያቱንም ያስቀምጣል፦ እያንዳንዱ ዘመን የራሱ ስህተት አለው፣ በራሳችን ዘመን መጻሕፍት ብቻ ደግሞ የራሳችንን ስህተት ማየት አንችልም። ከፋይፈር ባክቴሪያ ታሪክ በኋላ ይህ ምክር ይበልጥ ገባኝ፤ እኔ የምከተለው ለሦስት አንድ የሚለውን ነው።

ልብ ወለድ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ልብ ወለድን በጥያቄ አልመርጥም፤ በድምፁ ነው የምመርጠው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች ጮክ ብዬ አነባለሁ። ዓረፍተ ነገሩ አፌ ላይ ከጣመኝ፣ ተራኪው ሰው ሆኖ ከተሰማኝ፣ ታሪኩ ስለምን እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ እወስደዋለሁ።

መተውም የምርጫው አካል ነው። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋ ናንሲ ፐርል የታወቀ ደንብ አላት፦ 50 ገጽ አንብበህ ካልያዘህ ተወው፤ ዕድሜህ ከ50 ካለፈ ደግሞ ዕድሜህን ከ100 ቀንስና የቀረውን ያህል ገጽ ብቻ ሞክር። ለልብ ወለድ እንዳለ እቀበለዋለሁ። ለሌላው ግን የከበደኝንና ባዶ የሆነብኝን እለያለሁ። ባዶውን ያለ ጸጸት እተወዋለሁ። የከበደኝን ለጊዜው አስቀምጬ በዚያው ጉዳይ ላይ ለጀማሪ የተጻፈ ቀለል ያለ መጽሐፍ አነባለሁ፤ ከዚያ እመለስበታለሁ። የስታቲስቲክሱን መጽሐፍ የጨረስኩት እንዲህ ነው።

እሱም ሲያልቅ ጥያቄ ትቶልኛል። የዘመናዊ ስታቲስቲክስን መሠረት ከጣሉት አንዱ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲጋራ የሳንባ ካንሰር ያመጣል የሚለውን ድምዳሜ አጥብቆ ተቃውሟል። መሣሪያውን የሠራው ሰው መሣሪያው ያሳየውን ለምን አልተቀበለም? የፊሸርን የሕይወት ታሪክ ለማንሳት እጄ ቸኩሎ ነበር፤ ግን ቅድሚያውን ሪቻርድ ዶልና ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል ስለ ሲጋራና ስለ ሳንባ ካንሰር እ.ኤ.አ. በ1950 ላሳተሙት ጥናት ሰጥቻለሁ። ፊሸር የተቃወመውን ማስረጃ እኔው ራሴ ሳላየው የእሱን ተቃውሞ መመዘን አልችልም።