ከተቀደደ ካልሲ እስከ ሳሙና፦ የስምንት ወር የቤት ሙያ ማስታወሻዬ

የቤት ሙያን አንድ በአንድ በእጄ ለመልመድ ከወሰንኩ ስምንት ወር ሞላኝ። የት እንደደረስኩ፣ ምኑ እንደተሳካና ምኑ እንደተበላሸ ላካፍላችሁ። በተለይ ልትጀምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እኔ የከፈልኩትን ጊዜ እናንተ እንዳትከፍሉት።

መነሻዬ ደብተር ነበር። ለ7 ቀን ከቤት የሚጣለውን ነገር ሁሉ ጻፍኩ። ተረከዛቸው የተቀደደ አራት ካልሲዎች። ቁልፉ የወደቀ ሸሚዝ። ዚፑ አልይዝ ያለ ቦርሳ። ፍሪጅ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ የጠወለገ ካሮት። ሳምንቱ ሲያልቅ ዝርዝሩን ደጋግሜ አየሁት። አርጅቶ አገልግሎቱን የጨረሰ ዕቃ አንድም አልነበረም። ሁሉም ትንሽ ጉዳት ነበረበት፣ ያንን ደግሞ በጊዜው ያየለት ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ከመጠገን ጀመርኩ። ብዙ ሰው ሳሙና ወይም ዳቦ መሥራትን ያስቀድማል፤ ደስ ይላል፣ ፎቶም ያምርለታል። እኔ ግን መጠገን ይቅደም ባይ ነኝ። መርፌና ክር በየቤቱ አለ፣ ቢበላሽም የሚበላሸው ሊጣል የነበረ ነገር ነው።

ካልሲ መጠገን ያስተማረችኝ አክስቴ ናት። መጀመሪያ መርፌውን ከእጄ ተቀበለችኝና “የተቃጠለ አምፖል ካለሽ አምጪ” አለች። አምፖሉን ካልሲው ውስጥ ከታ ቀዳዳውን ሆዱ ላይ ዘረጋችው። ጨርቁ ሳይወጠር፣ ሳይጨማደድም ተቀመጠ። አምፖል ቀጭን መስታወት ስለሆነ እኔ አሁን የእንጨት ጭልፋ ጀርባ እጠቀማለሁ።

ከቀዳዳው ጠርዝ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ፣ ደህናው ጨርቅ ላይ ጀምሩ። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ ጎን ለጎን መስመር እየሰፋችሁ ቀዳዳውን ተሻገሩት። ይህ ድሩ ነው። ቀጥሎ ጨርቁን አዙሩና አንዱን ክር ከላይ፣ ሌላውን ከታች እያለፋችሁ በአግድም ሂዱ። ይህ ማጉ ነው። በሚቀጥለው መስመር ተራውን ታገላብጡታላችሁ፤ ቅድም ከላይ ያለፋችሁትን አሁን ከታች። ዞራችሁ ስትመለሱ ክሩን አታጥብቁ፣ ትንሽ ቀለበት ተዉለት። ክሩ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ያ ቀለበት ያኔ ያስፈልገዋል። ጫፉን ደግሞ አትቋጥሩት። ቋጠሮ ጫማ ውስጥ እንደ ጠጠር ነው።

የመጀመሪያዬን አጥብቄ ስቤው ቀዳዳው እንደ ከረጢት አፍ ተኮማተረ። አክስቴ አየችውና “ልጄ፣ ቀዳዳውን ለመዝጋት አትቸኩዪ፤ ጨርቁን መልሰሽ ሸምኚው” አለችኝ። ከዚያ ወዲህ መርፌ ባነሳሁ ቁጥር ይህቺ አነጋገሯ ትመጣብኛለች። ሌላው የነገረችኝ ስለ ክር ነው። ለሱፍ ሱፍ፣ ለጥጥ ጥጥ፣ ውፍረቱም የሚቀራረብ ይሁን። ጠንካራ ናይለን ክር ያረጀ ጨርቅ ላይ ካስገባችሁ ዙሪያውን እየቆረጠው ይሄዳል።

የመጀመሪያው ካልሲ ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደብኝ። አሁን ሩብ ሰዓት ይበቃኛል። እጄ ፈጥኗል፤ ግን ትልቁ ምክንያት ቀዳዳው ገና የምስር ፍሬ ሲያህል ስለማገኘው ነው። እንዲያውም ከመቀደዱ በፊት ማግኘት ይቻላል። ልብስ ከተሰጣበት ሳወርድ ተረከዙንና ክርኑን ወደ ብርሃን አነሳዋለሁ። ብርሃን ካሳለፈ ሳስቷል ማለት ነው። እዚያ ላይ አምስት ስድስት መስመር ብቻ ብትሰፉ ወራት ይቆያል።

ቁልፍና ዚፕ ላይ ብዙ አልቆይም። ቁልፍ ስትተክሉ ከላዩ የክብሪት እንጨት አስቀምጡና በእሱ ላይ ስፉ። ሲያበቃ እንጨቱን አውጡት፣ ቁልፉን ወደ ላይ ሳብ አድርጉና ከስሩ በቀረው ክር ላይ ሦስት አራት ጊዜ ጠምጥሙ። ቁልፉ አንገት ያወጣል፤ ሲቆለፍ ጨርቁን አይጎትትም። የሚያስቸግር ዚፕ ላይ የእርሳስ ጫፍ ወይም ሻማ እሹበት። ዚፑ እየሄደ ጥርሱ ግን የማይያያዝ ከሆነ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የተንሸራታቹ ነው። አፉ ሰፍቷል። ሁለቱን ጎኖቹን በፒንሳ ቀስ ብላችሁ ጫን ጫን ስታደርጉት ይመለሳል። ያ ልጥለው የነበረ ቦርሳ የዳነው በዚህ ነው።

በሦስተኛው ወር ወደ ሳሙና ገባሁ። እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልጻፍ፤ ዘይትን ወደ ሳሙና የሚለውጠው ኮስቲክ ሶዳ (ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ) ቆዳ የሚያቃጥል ኬሚካል ስለሆነ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

የመጀመሪያው ዙር ተበላሸብኝ። ሁሉንም በኩባያ ለክቼ ነበር። ሳሙናው ጠንክሮ ወጣ፣ በቢላ ስቆርጠው ግን እንደ ኖራ ተፈረካከሰ። እጄን ብታጠብበት አቃጠለኝ። ሶዳው ዘይቱ ከሚችለው በላይ ሆኖ ተርፏል ማለት ነው። ሙሉውን ጣልኩት።

ሳሙና ዘይትና ሶዳ ተዋህደው የሚወልዱት ሌላ ነገር ነው። እያንዳንዱ ዘይት ደግሞ የሚበላው የሶዳ መጠን የራሱ ነው። 500 ግራም የወይራ ዘይት ሙሉ በሙሉ ሳሙና እንዲሆን 67 ግራም ገደማ ኮስቲክ ሶዳ ይፈልጋል። ያንኑ ያህል የኮኮናት ዘይት ግን ከ90 ግራም በላይ ይበላል። ስለዚህ የአንዱን ዘይት ልኬት ለሌላው አታውሱ፤ ሁልጊዜም በግራም መዝኑ። በተጨማሪ ሶዳውን 5 በመቶ ያህል መቀነስ የተለመደ ነው፤ 67 የነበረው 64 ይሆናል። ጥቂት ዘይት ሳይለወጥ ይቀራል። እሱ ቆዳ ያለሰልሳል፣ ለትንሽ የሚዛን ስህተትም መጠባበቂያ ነው።

ስብና ዘይት ከምን እንደተሠሩ አጥንቶ ያሳየው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ኧዤን ሼቭረል ነው፤ ጥናቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1823 ነበር። ከዚያ በፊት ብዙ ሳሙና ሠሪዎች የአመድ ውሃና ሞራ ይዘው በዓይንና በእጅ ልምድ ነበር የሚለኩት። ይህን ሳውቅ ለእነሱ ያለኝ አክብሮት ጨመረ። በአመድ ውሃ እኔም አንዴ ሞክሬያለሁ። ከእንጨት አመድ የሚወጣው በዋናነት የፖታሲየም ውህድ ስለሆነ ሳሙናው እንደ ቅባት ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ጥንካሬው ግን ከአመድ አመድ ስለሚለያይ ለዕቃ ማጠቢያ ካልሆነ ለገላ አልደፈርኩትም።

ሁለተኛውን ዙር እንዲህ ሠራሁት። መስኮት ከፈትኩ። ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር አደረግኩ፣ እጅጌዬን አወረድኩ። 150 ግራም ቀዝቃዛ ውሃ ላይ 64 ግራም ሶዳ ቀስ እያልኩ ጨመርኩ። ሶዳ ወደ ውሃ ነው የሚጨመረው፤ ውሃ ሶዳ ላይ ካፈሰሳችሁ ፈልቶ ሊረጭባችሁ ይችላል። ውህዱ በራሱ ከ80 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ስለሚችል ዕቃው ቀጭን ፕላስቲክ አይሁን። አሉሚኒየም ደግሞ በፍጹም፤ ሶዳው ይበላዋል፣ ተቀጣጣይ ጋዝም ያወጣል። ልጆች ካሉ ያን ሰዓት ሌላ ክፍል ይሁኑ። ቆዳ ላይ ከነካ ወዲያው በሚፈስ ብዙ ውሃ እጠቡት።

ውህዱ ለብ እስኪል ጠብቄ 500 ግራም የወይራ ዘይት ላይ ጨመርኩና በእጅ በሚያዝ ብሌንደር መታሁት። መጀመሪያ ዘይቱ ያብረቀርቃል። ከዚያ ቀለሙ ይደበዝዝና እንደ እርጎ መወፈር ይጀምራል። ማንኪያ አንስታችሁ ስታንጠባጥቡት ጠብታው ሳይሰምጥ ላዩ ላይ መስመር ሠርቶ ከቆየ ደርሷል፤ ወደ ቅርጽ ማውጫው ይገልበጥ። በሁለተኛው ቀን ቆረጥኩት። አየር የሚያገኘው መደርደሪያ ላይ ስድስት ሳምንት አቆየሁት። ከአራት ሳምንት በታች ባትጠቀሙበት ይሻላል፤ የወይራ ዘይት ሳሙና ደግሞ በቆየ ቁጥር ይጠነክራል። ከደረቀ በኋላ የመጀመሪያውን ሳሙና በውሃ ሳሸው አረፋው ትንሽና ወፍራም ነበር። እጄ ከታጠበም በኋላ አልደረቀም። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አልረሳሁትም።

አትክልት ማቆየት በአምስተኛው ወር መጣ። ጥቅል ጎመንና ካሮት በጨው ማኮምጠጥ ከሁሉም የቀለለኝ ነው። ለ1 ኪሎ አትክልት 20 ግራም ጨው። ቀጭን ትከትፉታላችሁ፣ የራሱ ውሃ እስኪወጣ በእጅ ታሹታላችሁ፣ በንጹህ ጠርሙስ ጠቅጥቃችሁ ውሃው ከላይ እንዲሸፍነው ታደርጋላችሁ። ጋዝ ስለሚፈጥር ክዳኑን ላላ አድርጉት። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ጎመን ከውሃው በላይ ወጥቶ ሻገተብኝ፤ አሁን ከላዩ ትንሽ ጠርሙስ አድርጌ እጫነዋለሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ፦ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ዘፍዝፋችሁ ከፍሪጅ ውጭ አታስቀምጡ። አየር በሌለበት የሚራባና ሰው የሚገድል መርዝ የሚሠራ ባክቴሪያ አለ። በጠረንም በጣዕምም ላይታወቅ ይችላል።

የተውኩትም አለ። ልብስ ከአዲስ ጨርቅ መስፋት ለእኔ አላዋጣም፤ ጨርቁም ጊዜውም ከበደኝ፣ ስለዚህ ማሳጠርና ማጥበብ ላይ ቆምኩ። ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ቀላቅሎ ማጽዳትም ትቻለሁ። ሁለቱ ሲገናኙ አረፋ ይወጣል እንጂ አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋል። ለየብቻ ግን ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ኮምጣጤው ለማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ዝቃጭ፣ ቤኪንግ ሶዳው ለፈገፈጋ።

ባለፈው ሳምንት ያንን የ7 ቀን ደብተር እንደገና ጻፍኩ። ካልሲ የለም፣ ልብስም የለም። አትክልት ግን ሁለት ቦታ ላይ አለ፤ ሁለቱም ከዚያችው ታችኛ መሳቢያ የወጡ ናቸው። መሳቢያውን ባዶ አድርጌ አትክልቱን ዓይኔ የሚያርፍበት መሃለኛው ክፍል ላይ አውጥቼዋለሁ። ሠርቶ እንደሆነ በሚቀጥለው ወር እጽፍላችኋለሁ። መደርደሪያው ላይ ሦስተኛው ዙር ሳሙና አለ፤ የተቆረጠበትን ቀን በወረቀት ለጥፌበታለሁ። 12 ቀን ይቀረዋል።