ሠላሳ ሯጭ፣ አንድ ጎመን መደብ

ኅዳር። ሌሊቱ ይበርዳል፣ ቀኑ ይደርቃል። የሩጫ ቡድንና የሰፈር አትክልት ቦታ ይጣመሩ ሲባል ሁሉም የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ ሮጦ መድረስ፣ መቆፈር፣ ሮጦ መመለስ። በምሥራቅ ለንደን የተጀመረው ጉድጂም የተባለ የበጎ ፈቃደኛ ሯጮች ማኅበርም የሚሠራው እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን እኔን የሚያሳስበኝ በጋው ነው። ሯጭ ቅዳሜ በመንጋ ይመጣል፤ ጎመን የሚፈልገው ግን በየሁለት ቀኑ ውሃ የሚያጠጣው አንድ ሰው ነው። ይህ ሳይፈታ ከተጀመረ፣ ቅዳሜ የተተከለው ችግኝ ረቡዕ ይጠወልጋል።

ስለዚህ ከዶማ በፊት የሚያስፈልገው የውሃ ተራ ነው። ቀለል ያለ ሩጫ ያለበት ሰው በዚያ ቀን መንገዱን በአትክልቱ በኩል ያድርግ። ለአንድ ካሬ ሜትር 10 ሊትር ገደማ ቢታሰብ፣ 10 ካሬ መደብ አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይጠጣል። ከሩጫ በኋላ ሙሉ ጀሪካን በአንድ እጅ ማንጠልጠል ለወገብ ጠላት ነው፤ ሁለቱን ግማሽ ግማሽ ሞልቶ በግራና በቀኝ መያዝ ይሻላል፣ ምልልሱ እንደሆነ ያው ነው። ከ5 እስከ 7 ሳንቲሜትር ደረቅ ሣር ቢጎዘጎዝበት ደግሞ ተራው ይራራቃል። ጉዝጓዙ ግንዱን አይንካ፤ እርጥበት ይዞ ያበሰብሰዋል።

የቅዳሜው ጉልበት ለብስባሽ ይዋል። አንድ ሜትር ኩብ ክምር ለማገላበጥ አራት ሰው ይበቃል። ከሸተተ ውሃ በዝቶበት አየር አጥቷል ማለት ነው፤ ጭድ እየጨመሩ ማገላበጥ ነው መድኃኒቱ። ጨብጠው ሲጨምቁት አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ካወጣ ልኩ ነው።

አረም ለአዲስ ሰው አይሰጥም። ካሮት ለመብቀል ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ ቡቃያውን የማያውቅ ሰው ሙሉ መስመር ነቅሎ «ጸዳ» ይላል። በየመስመሩ ሲባጎ ወጥሮ «ከሲባጎው ውጪ ያለውን ብቻ» ማለት ጭቅጭቅ ያስቀራል።

መደቡ ከ1 ሜትር ከ20 አይስፋ፣ ከሁለቱም ወገን እጅ ይድረስበት፤ ሠላሳ ሰው ሲገባ መረገጡ አይቀርማ። በተለይ ዋልካ አፈር እርጥብ ሳለ ከተረገጠ ተጠቅጥቆ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይሆናል። ሌሊት ዝናብ ጥሎ ካደረ ሮጦ ማለፍ ብቻ ነው።

ስለ ሰውነት ብዙ አልጽፍም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በላብ የራሰ ልብስ ለብሶ መኮትኮት ብርድ ያስመታል፤ ደረቅ ሹራብ ቀድሞ ቦታው ላይ ይቀመጥ። ሩጫ የባትን ጡንቻና የጭንን ጀርባ ስለሚያኮማትር ከወገብ ከማጎንበስ መንበርከክ ይሻላል። ጓንት ግዴታ ነው፤ አፈር ውስጥ ስባሪ ጠርሙስና ሚስማር አይጠፋም፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ቢታሰብበት ጥሩ ነው።

መመለሻው ከ3 ኪሎ ሜትር ባይበልጥ እመርጣለሁ። ረጅም መንገድ የሚጠብቀው ሰው ይቸኩላል፣ የቸኮለ ሰው ደግሞ ዶማውንም ጫማውንም ሳያጥብ ይሄዳል። የቲማቲምና የድንች አጠውልግ በሽታ ከመደብ ወደ መደብ የሚሻገረው በዚያች ጭቃ ነው።