ትንሽ ሞተር ያላት ማኑዋል መኪና ይዛችሁ ዓባይ በረሃ ከመግባታችሁ በፊት

መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ስማር ስለ ማርሽ የተነገረኝ ባጭሩ ይሄ ነው። አንደኛ ለማስነሳት ብቻ። በ20 ሁለተኛ፣ በ40 ሦስተኛ፣ ከዚያ ወዲያ እንደ መንገዱ። ሞተር አታስጩህ። አለቀ።

ለሜዳ ክፋት የለውም። እኔ ግን የምነዳው 1.2 ሊትር ሞተር ያላት ሱዙኪ ዲዛየር ነው፤ የምኖረው ደግሞ አዲስ አበባ። ሜዳው የታለ?

ብቻዬን ከቦሌ መገናኛ ስሄድ ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ዙር አካባቢ ሲደርስ ማርሽ እጨምራለሁ፣ ችግር የለም። ችግሩ የመጣው ለሰርግ ደብረ ማርቆስ ስንሄድ ነው። አምስት ሰው፣ የኋላ ኮፈኑ እስኪጎብጥ ሻንጣ። ጎሃ ጽዮን ድረስ ሰላም ነበር። ቁልቁለቱንም በሁለተኛ ወረድን። ከድልድዩ ወዲያ ግን ወደ ደጀን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ይጠብቃል።

ጠመዝማዛው ላይ ከአንድ ተሳቢ ኋላ ገባሁ። ተሳቢው በ15 ነው የሚሳበው። ከፊት እሱ፣ ከጎን ገደል፣ አስፋልቱ ደግሞ መሬቱ እየተንሸራተተ ያጎበጠው። መቅደም አይታሰብም። በሁለተኛ ሆኜ መኪናዋ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ቤንዚን ብሰጥ ምንም። አንደኛ እንዳላስገባ «ለማስነሳት ብቻ» የሚለው ጭንቅላቴ ውስጥ ተቸንክሯል። እንዳይጠፋብኝ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ረግጬ ያዝኩ። ትንሽ ቆይቶ ያ ሽታ መጣ። የፍሪሲዮን ሸራ ሲቃጠል የሸተተው ሰው ያውቀዋል፤ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ኩርባው ላይ ጠፋች።

የአጎቴ ልጅ ወርዶ ኋላ ጎማው ስር ታኮ አደረገ። ከኋላችን ያሉት ጡሩምባቸውን ለቀቁት። ብናስነሳ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል እንጂ አይይዝም። የቀሩትንም ሁለቱን አስወርጄ፣ ሸራው እስኪቀዘቅዝ በዚያ ሙቀት ቆመን ጠበቅን። አጎቴ ብቻ አልወርድም ብሎ ከፊት ወንበር፣ «አንተ ልጅ፣ አታስጩኻት አላልኩህም? ገደልካት!» ይለኛል። ጋሼ ዕድሜውን የነዳው ኤንትሬ የጭነት መኪና ነው። ትልቅ ናፍጣ ሞተር በዝቅተኛ ዙር ጉልበት አለው፤ ቀስ ብሎ እያጉረመረመ ተራራ ይወጣል። የኔዋ ግን ሙሉ ጉልበቷ የሚገኘው 4,200 ዙር አካባቢ ነው። በሦስተኛ ማርሽ በ30 ስትሄድ 1,400 ዙር አካባቢ ብቻ ነው። በዚያ ዙር «ዳገት ውጪ» ማለት ግፍ ነው።

ከፍታውም አለ። ቱርቦ የሌለው ሞተር አዲስ አበባም ሆነ ደጀን ሲደርስ፣ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ከባሕር ወለል ላይ ካለው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። በወረቀት 1.2 ይሁን እንጂ እዚህ የምትነዱት አንድ ሊትር ገደማ ነው። ይህንን አስተማሪዬ አንድ ቀን እንኳ አላነሳውም። ፈተናውም የሚጠይቀው ዳገት ላይ ቆሞ ማስነሳትን እንጂ፣ ጭነት ይዞ ዳገት መጨረስን አይደለም። ገንዘቤን ሲቀበሉ ግን ፈጣኖች ነበሩ።

አሁን የምነዳው እንዲህ ነው። ዳገት ላይ ሁለተኛን እስከ 45 እና 50 አቆያታለሁ፤ ዙሩ 3,000 አልፎ ሲጮህ ይጩህ። የዙር መቁጠሪያው ቀዩ መስመር እስካልደረሰ ሞተሩን የሚጎዳው ጩኸቱ ሳይሆን መንተፋተፉ ነው። ሦስተኛ ካስገባችሁ በኋላ ዙሩ ከ2,000 በታች ወርዶ ቤንዚን ስትሰጡ መልስ ከሌለ፣ አትለማመጡት፣ ወዲያው መልሱ። ወደ ኩርባ ስትደርሱ ደግሞ ማርሹን ከመታጠፋችሁ በፊት ቀንሱ፣ መሐል ላይ አይደለም።

አንደኛንም አትፍሩ። ከ15 በታች ከወረዳችሁ መኪናዋ እየሄደችም አስገቡት። አልገባም ካለ አታስገድዱት፣ ፍጥነቱ ትንሽ ይውረድ። ከተሳቢ ኋላ ስትሆኑ ሰፊ ርቀት ተዉለት፤ እሱ ሲቆም እናንተ ሳትቆሙ እየተንፏቀቃችሁ እንድትቆዩ። ኤሲውን አጥፉ። ጋሼ ይሙቅ፣ ምን ይደረግ።

ሸራው ያን ቀን ደብረ ማርቆስ አደረሰን፤ አዲስ አበባ ስንመለስ ግን መቀየር ግድ ሆነ። ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ወርዶ ነው የሚቀየረው፣ ስለዚህ የእጅ ዋጋው ከዕቃው አይተናነስም።

ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ዜሮ ማርሽ የሚያደርጉ አሉ። ተዉት። ማርሽ ውስጥ ሆናችሁ ቤንዚን ስትለቁ የዛሬ ሞተር ነዳጅ መርጨት ያቆማል፤ ዜሮ ላይ ግን እንዳይጠፋ ሲል ይጠጣል፤ ፍሬናችሁም ይግላል። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። ይቺን እንኳ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ማሰልጠኛው በትክክል አስተምሮኛል።